በደሃና ደጋ የተሰማ ዜማ፤ ምልክትና ኖታ

የዋግን አገር ለማየት የሚሻ መንገደኛ ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ያቀና እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ ብልባላን ያገኛል። በዚያ በቅዱስ ጊዮርጊስና በቅዱስ ቂርቆስ ስም የታነጹ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ከብልባላ ወዲያ መንገዱ ከአንዱ ጋራ ወርዶ ወደ ሌላው እየወጣ፣ በገደልና በሸለቆ መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ሰቆጣ ያደርሳል። የደሃና ወረዳ ከዚህ መንገድ በስተ ምዕራብ፣ ውኃው ወደ ተከዜ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ የተቀመጠ አገር ነው፤ ዋና ከተማውም አምደ ወርቅ ይባላል።

አገሩ ድንጋያማ ነው። ገበሬው ገብሱንና ጤፉን፣ በቆላውም ማሽላውን የሚያበቅለው በዳገት ላይ በካብ ደግፎ ካቆመው አፈር ነው። ዝናም የቀረ እንደ ሆነ ችግር ፈጥኖ ከደጅ ይደርሳል፤ በ1977 ዓ.ም. የወረደውን ድርቅ ሽማግሎች ዛሬም የዘመን መቍጠሪያ አድርገው ያነሡታል። በ2013 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2015 ዓ.ም. በስምምነት የቆመው የሰሜኑ ጦርነትም በዋግ ምድር አልፏል፤ ብዙ ሰውም ከቀዬው ተፈናቅሏል።

በዋግ ኽምጠኛና አማርኛ ይነገራል። የጥንቱ ገዥዎች ዋግ ሹም እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩ ሲሆን፣ የዘር ሐረጋቸው ከዛጕዌ ነገሥታት እንደሚመዘዝ በታሪክ ይነገራል። በሰቆጣ አቅራቢያ ከአንድ አለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም የጥንቱን ጥበብ ይመሰክራል። ይህን ሁሉ ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንዲህ ያለ አገር ድንጋይ የተቀረጸበትን ነገር ሲጠብቅ ይኖራል፤ ዜማ ግን በሰው ጕሮሮ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ሰው ሲራብና ሲሰደድ አብሮ ይሰደዳል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው፤ የአባቶች ዜማ በምን ይጻፋል? በዘመኑ የኮምፒዩተር መሣሪያስ ሊጻፍ ይችላልን?

በደሃና ገጠር በሌሊት የሚጓዝ ሰው በበዓል ዋዜማ ከሩቅ የሚሰማው በመጀመሪያ የከበሮ ድምፅ ነው፤ ቀረብ ሲል የጸናጽሉ ድምፅ ይለያል፤ ከቅጥሩ ሲገባ ግን ከሁሉ በላይ የሆነውን የካህናቱን ዜማ ይሰማል። ይህ ዜማ የቅዱስ ያሬድ ነው። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረ ሊቅ ሲሆን፣ በመጨረሻ ዕድሜው ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በዚያ እንደ ተሰወረ አባቶች ይናገራሉ። እነዚያ ተራሮች ከዋግ በስተ ምዕራብ ከተከዜ ማዶ ያሉት የሰሜን ተራሮች ናቸው፤ ስለዚህ የደሃና ሰው ስለ ያሬድ ሲወራ የሚሰማው የሩቅ አገር ታሪክ ሳይሆን የጎረቤቱን ነው።

አምስቱ የያሬድ መጻሕፍት ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት እንደ ሆኑ፣ ዜማውም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ በሦስት እንደሚከፈል በቤተ ክርስቲያን ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ምናልባት ሁሉ የማያውቀው ግን በድጓው ገጽ ላይ፣ ከግዕዙ ቃል በላይ፣ በደቂቅ ጽሕፈት የተደረደሩት ምልክቶች እንዴት እንደሚሠሩ ነው። ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የመስመርና የነጥብ ቅርጽ ያለው ሲሆን ስማቸው ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቍርጥ ይባላል፤ ድርስና አንብር ሲጨመሩ ዐሥር ይሆናሉ። ይዘት ድምፅን ያዝ ያደርጋል፤ ደረት ከደረት በወፍራሙ ያወጣዋል፤ ርክርክ እያንቀጠቀጠ ያወርደዋል፤ ድፋት ዝቅ፣ ቅናት ከፍ ያደርገዋል፤ ሂደት ወደ ፊት ያስኬደዋል፤ ቍርጥ ይቈርጠዋል። መምህራን እነዚህን ስሞች ከጌታ ሕማም ጋር እያዛመዱ ይተረጕሟቸዋል፤ ይዘት መያዙን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን መንጠባጠብ ያሳስባል ይላሉ።

ሁለተኛው ዓይነት ምልክት ፊደል ነው። ተማሪው በቃሉ ከሚያውቀው ከአንድ የታወቀ ዜማ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ተወስዶ በሌላው ቃል ላይ ይጻፋል፤ ያን ጊዜ «ይህን ቃል እንደዚያ ዜማ በለው» ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ምልክቶች በመቶ የሚቈጠሩ ናቸው። ስለዚህ ምልክቱን ለማንበብ አስቀድሞ ዜማውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የማያውቀው ሰው ገጹን ቢያገላብጥ ከፊደል በቀር የሚያገኘው የለም።

ይህ የምልክት ሥርዐት በምን ዘመን እንደ ተደራጀ ማስታወስ ይጠቅማል። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በአገራችን በነበረው በግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍት ጠፉ፤ ሊቃውንትም ዐለቁ። ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት ለድጓው ምልክት እንደ ሠሩለት ታሪክ ይነግረናል። ምልክቱን ከራሱ ከቅዱስ ያሬድ የሚጀምሩ መምህራንም አሉ። የሆነ ሆኖ፣ ሥርዐቱ ጸንቶ የወጣው ከጥፋት በኋላ፣ የቀረው እንዳይጠፋ ተብሎ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። አባቶች አዲስ ነገር ለመፍጠር ሳይሆን የነበረውን ለመያዝ ሲሉ አዲስ ነገር ሠሩ።

የውጭ አገር ሰዎችም ይህን ዜማ በራሳቸው ኖታ ለመጻፍ የሞከሩት ዛሬ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1798 ናፖሊዮን ወደ ግብጽ በዘመተ ጊዜ አብሮት የሄደው ፈረንሳዊው ቪዮቶ፣ በካይሮ ከነበሩ ከኢትዮጵያውያን ካህናት ዜማ ሰምቶ በአምስት መስመር ኖታ ጽፏል። በ1966 ቤርናር ቬላ የተባለው ሊቅ ስለ ምዕራፍና ስለ ምልክቱ ሰፊ ጥናት በፓሪስ አሳተመ። ከ1993 እስከ 1997 ደግሞ ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፈሪ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚመለከት ባለ ሦስት ክፍል መጽሐፍ ከተቀዳ ድምፅ ጋር አወጡ፤ በውስጡም የግዕዙ ምልክትና የአውሮፓው ኖታ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ዛሬ ግን ሥራው ከሊቃውንቱ እጅ ወጥቶ ወደ ወጣቶቹ ገብቷል። ሙዝስኮርና ሊሊፖንድ የሚባሉት የኖታ መጻፊያ ፕሮግራሞች ያለ ዋጋ የሚገኙ ስለ ሆኑ፣ ኮምፒዩተር ያለው ማንም ዲያቆን ሊሞክራቸው ይችላል። በደሃናም ያየነው ይህንኑ ነው። ትውልዱ ከዚያው አገር የሆነ፣ በአዲስ አበባ ሥራ ይዞ የሚኖር አንድ ወጣት ዲያቆን፣ በልጅነቱ ጾመ ድጓ ወዳስተማሩት ሽማግሌ መምህር ዘንድ ኮምፒዩተሩንና በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ ይዞ መጥቶ ነበር። የመምህሩ ጉባኤ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ በወይራ ጥላ ሥር ነው። ቀድሞ በዙሪያው የተማሪ ጎጆ ሞልቶ እንደ ነበር የቆሙት የጎጆ ምሰሶዎች ያስታውቃሉ፤ ያን ቀን የነበሩት ተማሪዎች ግን ሦስት ብቻ ናቸው።

ዲያቆኑ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ «የኔታ፣ እባክዎ ይህን አንድ ቃል ቀስ አድርገው ይበሉልኝ» አላቸው።

መምህሩም፣ «ልጄ፣ ቀስ ሲባል ሌላ ነገር ይሆናል። እኔ እንደ ልማዴ ልበል፤ አንተ እንደ ቻልህ ያዝ» ብለው አዜሙ።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ችግር ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ በተራ እንመልከተው። ፕሮግራሙ እንደ ተከፈተ ገጹን በየአራቱ ምት በመስመር ከፋፍሎ ያቀርባል፤ ዜማችን ግን፣ ከበሮ ያልገባበት እንደ ሆነ፣ ቃሉን ተከትሎ የሚሄድ እንጂ በእኩል ምት የሚቈረጥ አይደለም። ስለዚህ ጸሓፊው የምቱን ቍጥርና ከፋፋዩን መስመር ማጥፋት፣ የኖታውንም ጭራ አንሥቶ ራሱን ብቻ ማስቀረት፣ በአንድ ፊደል ላይ የሚዘረጉትን ብዙ ድምፆች በቅስት ማያያዝ ይኖርበታል። ፕሮግራሞቹ ይህን ሁሉ ይፈቅዳሉ፤ የአውሮፓ ገዳማት የጥንት ዜማም እንዲሁ ያለ ምት መስመር የሚጻፍ ስለ ሆነ መንገዱ ተጠርጓል።

ሁለተኛው ችግር ቃሉን ከኖታው ሥር ማስቀመጥ ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን የድምፅ ክፍል ለይተህ ስጠኝ ይላል። የግዕዝ ፊደል ግን ሳድስ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ለብቻው ይነገራል፤ አንዳንድ ጊዜ ከፊተኛው ጋር ይጣበቃል። «ይትባረክ» የሚለው ቃል በፊደል አምስት ሲሆን በንባብ ሦስት ክፍል ብቻ ነው። ዜማው ደግሞ ሳድሱን ስቦ ሊያሰማው ይችላል። ይህን የሚለየው በንባብ ቤት ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የተማረ ሰው እንጂ መሣሪያው አይደለም። እንግዲህ በኮምፒዩተር ዜማ ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ወደ ንባብ ቤት ይመለስ ማለት ነው።

ሦስተኛው የድምፁ ከፍታ ነው። የአምስት መስመሩ ኖታ የተሠራው ለአውሮፓ መሣሪያ ነው፤ የመምህሩ ድምፅ ግን በፒያኖ በሁለት ቍልፎች መካከል የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ፕሮግራሞቹ ከአንዱ ቍልፍ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት በመቶ ከፍለው አንዱን ድምፅ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ለማድረግ ያስችላሉ። ነገር ግን ርክርኩ ሲመጣ ድምፁ በአንድ ስፍራ አይቆምም፤ የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ ሁሉ በየኖታው ቢጽፉት ገጹ ይጠቍራል፤ በአንድ ምልክት ቢተዉት ደግሞ ወደ አባቶች ምልክት መመለስ ይሆናል። ዲያቆኑም የመረጠው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ በኖታው ላይ ርክርክ ብሎ ጻፈበት።

ይህን ካጠናቀቀ በኋላ ኮምፒዩተሩ የተጻፈውን መልሶ እንዲያሰማ አደረገ። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣ «መንገዱን አውቆታል፤ አረማመዱን ግን አላወቀም» አሉ። ቀጥሎም ያንኑ ቃል እንደ ገና አዜሙት፤ በአንዱ ስፍራ ከፊተኛው ተለየ። ዲያቆኑ፣ «የኔታ፣ የትኛውን ልጻፍ? ትክክለኛው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም፣ «ሁለቱም ትክክል ናቸው። ይህን ከመምህሬ ሰማሁት፤ ያኛውን ደግሞ ከመምህሬ ባልንጀራ። ምልክቱ ለሁለቱም ያው ነው» ብለው መለሱለት።

በዚህች አጭር ቃል ውስጥ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ አለ። የአባቶች ምልክት የሚያውቀውን ሰው የሚያስታውስ ስለ ሆነ ሰፊ ነው፤ ለመምህሩና ለመምህሩ ባልንጀራ እኩል ይበቃል። የአውሮፓው ኖታ የማያውቀውን ሰው የሚመራ ስለ ሆነ ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ቀን ያዜመውን ብቻ ይይዛል። ነገር ግን ያን አንዱን በእውነት ይይዛል። መምህሩ ከዚህ ዓለም ሲለዩ፣ ተማሪዎቹም ሲበተኑ፣ ምልክቱ ብቻውን ቢቀር ማንም አያነበውም፤ ኖታው ብቻውን ቢቀር ደግሞ ዜማው አንድ መልክ ብቻ ያለው ይመስላል። ሁለቱ አብረው ቢጻፉ፣ ድምፁም ተቀድቶ ቢጨመር፣ አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሞላል።

አቋቋሙን ያሰብነው እንደ ሆነ ደግሞ ሥራው ይበዛል። አንዱ ቃል በቁም ዜማ፣ በዝማሜ፣ በመረግድና በጽፋት ልዩ ልዩ መልክ ያገኛል፤ መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮውም በየመስመራቸው መጻፍ አለባቸው። አካሄዱንና ሽብሸባውን ግን የአምስት መስመሩ ኖታ አይዛቸውም።

የአባቶች ምልክት ራሱ ወደ ኮምፒዩተር መግባቱን ብዙዎች አላወቁም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደትና ቍርጥ ብሎ ዐሥር የዜማ ምልክቶችን ተቀብሏል። ይህ ዐሥር ከመምህራኑ ዐሥር ጋር አንድ አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ ድርስና አንብር በዚያ ለብቻቸው አልተሰየሙም። ደግሞም ምልክቶቹ የተመዘገቡት ራሳቸውን ችለው በመስመር እንደሚቆሙ ፊደላት ስለ ሆነ፣ በራሳቸው ወደ ቃሉ ራስ አይወጡም፤ ከፍ የሚያደርጋቸው የገጽ አሠራር ያስፈልጋል። የብራና ጸሓፊ በሸምበቆ ብዕር በአንድ ጊዜ የሚያደርገውን ኮምፒዩተር በብዙ ትእዛዝ ያደርገዋል።

በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የሆነውንም ማየት ይገባል። በቍስጥንጥንያ በ1814 ሦስት መምህራን የግሪኩን የዜማ ምልክት አቅልለው አደራጁ እንጂ በአውሮፓ ኖታ አልለወጡትም። በግብጽ ራጊብ ሙፍታህ የተባለው የዜማ አፍቃሪ ከ1927 ጀምሮ እንግሊዛዊውን ኒውላንድስሚዝን አስመጥቶ የቅብጥን ዜማ በኖታ አስጻፈ፤ ድምፁንም ለብዙ ዓመታት አስቀዳ። የቅዱስ ባስልዮስ ቅዳሴ ከሙሉ ኖታው ጋር በካይሮ የታተመው በ1998 ነው፤ ከጅማሬው ሰባ ዓመት ያህል ቈይቶ ማለት ነው። የዜማ ሥራ የችኮላ ሥራ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ፊናሌ የተባለው የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም በዓለም እጅግ ከታወቁት አንዱ ነበር። በ1988 ወጥቶ ሠላሳ ስድስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በነሐሴ 2024 ባለቤቱ ኩባንያ ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ። በእርሱ ብቻ ጽፈው ያስቀመጡ ሰዎች ሁሉ ጽሑፋቸውን ወደ ሌላ ለማዛወር ተገደዱ። የብራና ድጓ አራትና አምስት መቶ ዓመት ይነበባል፤ የኮምፒዩተር ፋይል በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሚከፍተው ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ኩባንያ እጅ ባለ መዝገብ ብቻ መመካት አይገባም። ሊሊፖንድ ኖታውን በተራ ፊደል የሚያጽፍ በመሆኑ ማናቸውም መሣሪያ ያነበዋል፤ የተጻፈው ሁሉ ግን በመልካም ወረቀት ታትሞ በዕቃ ቤት ቢቀመጥ ከሁሉ ይሻላል።

የደሃናው መምህርም ሥራውን ሲፈቅዱ ሁለት ነገር ጠይቀው ነበር። መጀመሪያ፣ የተጻፈውና የተቀዳው ሁሉ ግልባጩ ለደብሩ እንዲሰጥ፤ ሁለተኛ፣ ተማሪዎቻቸው ቃሉን በጆሯቸው ሳይጨርሱ በኮምፒዩተር እንዳይማሩት። «በጆሮው የገባ ከጦርነትም ከረኃብም ጋር ይዞት ይሄዳል፤ በዕቃ የያዘው ግን ዕቃው ሲጠፋ ይጠፋበታል» አሉ። ዲያቆኑም ሁለቱንም ተቀብሎ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ዐሥራ አንድ ገጽ ጽፎ ተመለሰ። ከድጓው ስፋት አንጻር ዐሥራ አንድ ገጽ ከባሕር በጭልፋ እንደ መቅዳት ነው፤ ቢሆንም በምልክትም፣ በኖታም፣ በድምፅም የተያዘ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በየቤታችሁ ይህን ዜማ የሚያውቅ አባት ወይም አያት ቢኖር፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ድምፁን ቅዱ፤ የትኛውን ቃል በየትኛው በዓል እንዳዜመ፣ ከማን እንደ ተማረውም አብራችሁ ጻፉ። ኮምፒዩተር የሚያውቅ ልጅ ያላችሁ፣ ትርፍ ጊዜውን ለዚህ ሥራ እንዲያውል ምከሩት፤ አስቀድሞ ግን በመምህር እግር ሥር ይቀመጥ። ከሁሉ በፊት ደግሞ በየገጠሩ ጉባኤ ዘርግተው የተቀመጡትን መምህራንና ቍራሽ ለምነው የሚማሩትን ተማሪዎች በምግብና በልብስ እንርዳ። ሦስቱ ተማሪዎች ስድስት ሲሆኑ፣ ስድስቱም ዐሥራ ሁለት ሲሆኑ፣ ኖታውንም ምልክቱንም የሚያነብ ሰው አይታጣም። አንባቢ የሌለው ጽሑፍ፣ በብራናም ይጻፍ በኮምፒዩተር፣ ዝም ያለ ነው።